የመምህር እንየው ሟቾች

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «መምህር እንየው» ማለት፦ ተወልዶ ያደገው ስማዳ ወገዳ፣ የሚኖረው ታች ጋይንት አርብ ገበያ፣ ዕድሜው ሠላሳ ዘጠኝ፣ ቁመቱ መካከለኛ፣ ጠባዩ የተመሰገነ፣ በሳምንት ሃያ ስድስት ክፍለ ጊዜ አማርኛ የሚያስተምርና በተረፈው ጊዜ ሰው የሚገድል የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ትርጓሜው ባለቤቱን፣ ጎረቤቶቹንና በአካባቢው የሚገኙ ዶሮዎችን አይመለከትም።

ዶሮዎቹ የተዘለሉት ያለ ምክንያት አይደለም። እንየው ደም አይችልም። ለገናም ለፋሲካም ዶሮውን ታቅፎ የጎረቤቱን አጥር የሚያንኳኳ፣ እስኪታረድለትም ድረስ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ ስለ ዘንድሮ ብርድ የሚያወራ ሰው ነው። ባለቤቱ ዓለሚቱ በከተማው ጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ በዱላ የተፈነከተ ግንባርና በማጭድ የተቆረጠ ጣት ስትሰፋ ትውላለች። ራት ላይ የዕለቱን ቁስል ልታወራለት ስትጀምር እሱ እጁን ከገበታው ይሰበስባል። እሷም ይህን ስለምታውቅ ወጡ ሲጣፍጥ ቁስሉን ቀደም አድርጋ ትጀምራለች።

በወረቀት ላይ ግን ሌላ ሰው ነው። በአራት ዓመት ውስጥ ለወጣቶች በጻፋቸው ስድስት ትንንሽ መጻሕፍት አርባ አንድ ሰው ገድሏል። አሥራ ዘጠኙን በጥይት፣ አሥራ ሁለቱን በጩቤና በጎራዴ፣ ስድስቱን በገደል፣ ሦስቱን በመርዝ። አንዱን ደግሞ በመብረቅ፤ ይህ ሰው የሞተው ደራሲው የሁለተኛ መንፈቀ ዓመት ፈተና ማውጫ ቀን ስለደረሰበትና ምዕራፉን በቶሎ መዝጋት ስለነበረበት ነው።

ሲጀምር እንዲህ አልነበረም። የመጀመሪያ መጽሐፉ ጎበዝ ተማሪ ሆና ደብተሯን ለጓደኛዋ ስለምታውስ ልጃገረድ ነበር። አራት አንባቢ አገኘ፤ ሁለቱ ባልደረቦቹ፣ ሦስተኛዋ ዓለሚቱ፣ አራተኛው ለጉብኝት የመጣ ሱፐርቫይዘር ነበሩ። በሁለተኛው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ የሚያደርገው ቢጨንቀው ክፉውን ሰው ከገደል ወረወረው። በማግስቱ ከዘጠነኛ «ለ» ተማሪዎች አንዱ በዕረፍት ሰዓት መጥቶ በትሕትና አስተያየት ሰጠ። «ቲቸር፣ ገደሉ ጥሩ ነው። ግን ቶሎ ሞተ» አለው። እንየው ይህን አስተያየት ከዩኒቨርሲቲ ከሰማው ትችት ሁሉ አስበልጦ ተቀበለው። ከዚያ ወዲህ በመብረቅ ከሄደው በቀር ቶሎ የሞተለት ሰው የለም።

ማስተማሩንና መግደሉን አስማምቶ ለመያዝ የራሱ ሥርዓት ነበረው። ሰኞና ረቡዕ ባዶ ክፍለ ጊዜው ላይ ይጽፋል። ከሁሉ የበለጠ የሚሳካለት ግን ፈተና ሲፈትን ነው፤ ስልሳ ስምንት ተማሪ አንገቱን ደፍቶ ሲጽፍ እሱም ስልሳ ዘጠነኛ ሆኖ ይደፋል። ስለዚህ በፈተና ሰሞን ሟቾቹ ይበዛሉ። በእርማት ሰሞን ግን ማንንም አይገድልም፤ ይከሳል፣ ይበሳጫል፣ ዓለሚቱም «አንድ ሰው ግደልና ተገላገል» ትለዋለች። አንድ ጊዜ ርዕሰ መምህሩ የዕለት ዕቅዱን ሲመረምሩ «ተማሪዎች በዚህ ክፍለ ጊዜ ማጠቃለያ» ከሚለው ሐረግ ቀጥሎ «ጩቤውን ከጎኑ ነቀለው» የሚል አገኙ። ከዚያም «ዓላማው የሚለካ መሆን አለበት» ብለው ፈረሙ።

መጽሐፎቹ በትምህርት ቤቱ ማባዣ ማሽን ይባዛሉ፤ ገጻቸውም በስልክ እየተነሣ በቴሌግራም ንፋስ መውጫና እስቴ ድረስ ይሄዳል። አምስተኛው መጽሐፍ ሲወጣ ሁለት ልጆች «እኔ ነኝ መጀመሪያ የማነበው» ተባብለው ሲታገሉ አንደኛው ለሒሳብ የተገዛውን ኮምፓስ በሌላው ጭን ላይ ሰካበት። ዓለሚቱ ሰፋችው። ነገሩም የትምህርት ቤቱ የንባብ ባህል በከፍተኛ ደረጃ መዳበሩን ያሳያል ተብሎ በሩብ ዓመቱ ሪፖርት ገባ።

ስድስተኛው መጽሐፍ «የመሻገሪያው ደም» ይባላል። ጣጣው የመጣው ከዚህ ነው።

ልጆቹ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ነበራቸው። «ቲቸር፣ ይህ እውነት ነው?» ይላሉ። «ፈጠራ ነው» ሲላቸው ዓይናቸው ላይ ያለው ብርሃን ይጠፋል፤ ያለቀሱለትን ሰው እንባ እንደተሰረቁ ሁሉ ያዩታል። እንየው ይህን ዓይን መቻል አቃተው። በስድስተኛው መጽሐፍ ሽፋን ላይ፣ ከርዕሱ በታች፣ በፊልሞች ላይ ያያትን አንዲት መስመር ጨመረ፦ «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ»። ታሪኩ የተመሠረተበት እውነት አንድ ጆሮ ብቻ ነበር።

ጆሮው የዳኛቸው ነው። ዳኛቸው ዘወትር አርብ ገብሱን በነጭ በቅሎ ጭኖ የሚመጣ ገበሬ ነው፤ የግራ ጆሮው ከግማሹ የለም። እንየው ስሙን አያውቅም ነበር። ሦስት አርብ በተከታታይ ከገብስ ተራው ራቅ ብሎ ቆሞ ጆሮውን አየ፤ ይህ ጆሮ በገበያ የሚባክን አይደለም ሲል ወሰነ፤ ወሰደውም። በመጽሐፉ ውስጥ በውቂያ ወር፣ በታኅሣሥ፣ አንድ ገበሬ ገብስ የጫነች አህያውን እየነዳ ወንዝ ሲሻገር ጆሮ ቆራጣና ነጭ በቅሎ የሚጋልብ ሰው ከኋላው ተኩሶ ይገድለዋል። ያሥራ አምስት ዓመት ልጁ ደሙን ለመመለስ ትምላለች።

እንየው ወደ አርብ ገበያ ከመዛወሩ በፊት፣ የዛሬ ዘጠኝ ዓመት፣ ባዩ የሚባል ገበሬ በታኅሣሥ ወር ገብስ የጫነች አህያውን እየነዳ ወንዝ ሲሻገር ከኋላው ተተኩሶበት ሞቷል። ገዳዩ አልታወቀም። የቀበሌው ወንድ ሁሉ ለአውጫጭኝ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ፣ ወንጀለኛው ተለይቶ እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሂድ ተብሎ፣ ሦስት ጊዜ ከጠዋት እስከ ምሽት ፀሐይ ላይ ተቀመጠ። ምንም አልወጣም። እንየው ይህን አልሰማም። ወንዝ፣ ታኅሣሥ፣ አህያና ገብስ በጋይንት የማይጠፉ አራት ነገሮች ናቸው፤ እሱ ግን የራሱ ፈጠራ አድርጎ ቆጠራቸው።

በጥር ወር በአንዱ አርብ፣ በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ፣ የዘጠነኛ «ለ» ተማሪ ራሄል ዘግይታ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። እግሯ እስከ ጉልበቷ አቧራ ነበር።

«ቲቸር፣ አንዴ ይውጡልኝ።»

«ግቢና ተቀመጪ። ስለ ዘይቤ እያወራን ነው።»

«አባዬ መጽሐፍዎን ሰማው። ጠመንጃውን ወለወለ።»

እንየው በዚያች ቅጽበት የተሰማውን ለማንም አልተናገረም፤ እኛ ግን እንናገርበታለን። ደስታ ነበር። «ወደደው?» ሊል አፉን ከፍቶ ነበር። የልጅቷን ፊት አይቶ ዘጋውና ተከትሏት ወጣ።

ራሄል የነገረችው ይህን ነው። ባለፈው እሑድ አውድማው ላይ ሆና ለቤተ ሰቡ አነበበችላቸው። አባቷ አስማረ ማንበብ አይችልም። የመሻገሪያው ምዕራፍ ላይ ስትደርስ መንሹን አስቀመጠ። እንደገና እንድታነብ አዘዛት። ሦስተኛም አስነበባት። የሞተው ባዩ የአስማረ ታላቅ ወንድም ነው።

«‹ይህ ሰው ይህን ከየት ሰማው?› አለኝ» አለች። «ሽፋኑን አነበብኩለት። ያለውን ነው ያነበብኩት ቲቸር። ትናንት ስንቅ ልቀበል ስሄድ ጠመንጃውን በዘይት ሲያሽ አገኘሁት። ዛሬ ጎህ ሲቀድ ‹ዳኛቸው ገበያ ይመጣል› ብሎ ወጣ።»

«ዳኛቸው ማነው?»

ራሄል የራሷን ግራ ጆሮ በመዳፏ በግማሽ ሸፈነችለት።

«ልብ ወለድ ነው እኮ» አለ እንየው።

«ለእኔ ምን ይነግሩኛል፤ ለእሱ ይንገሩት።»

ጠመኔ የለበሰ ነጭ ጋዋኑን እንኳ ሳያወልቅ ወደ ገበያው ሮጠ። አስማረ ገበያ ውስጥ ሊተኩስ አላሰበም ነበር፤ ጥይት ሰው አይመርጥምና። ጠመንጃውን ከከተማው ዳር ዘመድ ቤት አስቀምጦ፣ ወደ ማታ በዳኛቸው መመለሻ መንገድ ላይ ሊጠብቀው ወስኖ ነበር። ወደ ገብስ ተራው የመጣው ሰውየውን በዓይኑ ሊያይ ብቻ ነው። ዳኛቸው የጆንያውን ሲባጎ በጥርሱ እየፈታ ከአንዲት ሸማች ጋር ይሳሳቅ ነበር። አስማረን ያ ሳቅ እስከ ማታ ሊያቆየው አልቻለም።

የመጀመሪያው ዱላ የዳኛቸውን አናት ሲያገኘው ቅል የተሰበረ ይመስል ነበር። ሰውየው ጆንያው ላይ በፊቱ ተደፋ፤ ገብሱ ከሥሩ ቀላ። ሁለተኛው ዱላ ራሱን ሊከላከል ያነሣውን ክንዱን አገኘው። ሦስተኛው ሲወርድ በመካከል ነጭ ጋዋን ገባ፤ ዱላው የመምህሩ ግራ ትከሻ ላይ አረፈ።

እንየው በመጽሐፎቹ ውስጥ ሰባት ጊዜ የሰው አጥንት ሰብሯል፤ ሰባቱንም ጊዜ «እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ አለ» ብሎ ጽፏል። የገዛ የትከሻ አጥንቱ ሲሰበር ግን ድምፁን የሰማው በጆሮው ሳይሆን በጥርሱ ነበር። ወደቀ። ፊት ለፊቱ የዳኛቸው ደም ገብሱ ላይ ሲንጠባጠብ አየና እዚያው አስመለሰው።

አስማረ ዱላውን እንደያዘ ከላይ ቆሞ አየው። «አንተ ነህ ጸሐፊው?»

«እኔ ነኝ።»

«እግዜር ይስጥህ። ዘጠኝ ዓመት ያጣሁትን ነገርኸኝ። አንተን መምታት አልነበረብኝም፤ ዞር በልልኝ።»

«ውሸት ነው» አለ እንየው። «የጻፍኩት ሁሉ ውሸት ነው።»

«ምኑ?»

«ወንዙም፣ አህያይቱም፣ ሟቹም።»

«ሟቹ ወንድሜ ነው» አለ አስማረ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። «ወንድሜን ውሸት ነው ነው የምትለኝ?»

ዱላው እንደገና ተነሣ። ከገብስ ተራው ማዶም የዳኛቸው ዘመዶች ዱላቸውን ጨብጠው እየሮጡ ይመጡ ነበር። በዚህ መካከል አንድ ቀጭን ሽማግሌ የገዙትን ጨው በክንዳቸው ሥር እንደያዙ ገብተው ቆሙ። የኔታ ገብረ ሚካኤል ናቸው፤ የደብሩ ቄስና የመጽሐፍ ትርጓሜ መምህር። የእጅ መስቀላቸውን ከደረታቸው አወጡ።

«በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን ገዝቻችኋለሁ» አሉ። «ይህች ዱላ እስከ እሑድ ከመሬት አትነሣም። እናንተም ማዶ ያላችሁት አቁሙ። ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ እንቀመጣለን። መጽሐፉ ይምጣ፣ አንባቢዋ ትምጣ፣ ጸሐፊውም ይምጣ። እውነት ሆኖ ከተገኘ ሰውየውን ለሕግ እንሰጠዋለን።»

አስማረ ዱላውን ጣለ፤ ግዝት ነውና። «የኔታ፣ ለሕጉማ ዘጠኝ ዓመት ሰጥቼው ነበር» አለ። «እሑድ እሰማለሁ። እውነት ከሆነ ግን የሚመጣውን አርብ ይህ ሰው ገብስ አይሸጥም።»

በጤና ጣቢያው ዓለሚቱ የዳኛቸውን ራስ በአሥራ አራት ስፌት ሰፋች። ባሏ የተሰበረ ትከሻውን በፋሻ ታስሮ ማዶ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ጣሪያውን ያይ ነበር።

«መምህር» አለ ዳኛቸው ከመርፌው ሥር። «በገበያው ይህ ሁሉ ሰው እያለ ለምን እኔን?»

«ጆሮዎን ወድጄው ነው።»

«በቅሎ ናት የነከሰችኝ። በጎረምሳነቴ።»

«አላወቅሁም።»

«ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር።»

ዓለሚቱ ክሩን በመቀስ ቆረጠች። «እስካሁን ስንት ሰው ገድለሃል?» ስትል ባሏን ጠየቀችው።

«አርባ አንድ።»

«ከኮምፓሱ ልጅ ቀጥሎ ሁለተኛ ቁስለኛህን ሰፋሁልህ። እሑድ ምን ልትል ነው?»

«ልብ ወለድ ነው እላለሁ።»

«ሽፋኑስ?»

እንየው ወደ ጣሪያው ተመለሰ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለት መቶ የሚሆን ሰው ከደብሩ ጽዶች ሥር እንደ አውጫጭኝ ሥርዓት በተርታ ተቀመጠ። የአስማረ ወገን በአንድ በኩል፣ የዳኛቸው ወገን በሌላ በኩል። የኔታ የሚያውቁት የምርመራ መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በመጽሐፍ ቤት የሠሩበት። ተማሪ ያነባል፣ መምህር ያስቆማል፣ ይተረጕማል፣ ይጠይቃል። «የመሻገሪያው ደም»ን በዚያው ሥርዓት አስቀመጡት። ራሄል ቆማ አነበበች፤ እሳቸው «እዚህ ላይ ቁሚ» ሲሉ ትቆማለች። ጆሮ ቆራጣው ሰው በቅሎውን ከአህያይቱ ኋላ ለምን አሳለፈ? አንድም ሊያደባ፣ አንድም ሊያልፍ፣ አንድም ጸሐፊው ስለ በቅሎ ስለማያውቅ ነው አሉ፤ የመጨረሻውን ብዙዎች በራስ ንቅናቄ ደገፉ።

እንየው ስለዚህ ቀን ለዓመታት አልሞ ነበር፤ ሥራው በአደባባይ ሲነበብ፣ ሁለት መቶ ሰው ሳል እንኳ ሳያሰማ ሲያዳምጥ። የሰው ሕይወት በተንጠለጠለበት በዚያ ሰዓት እንኳ፣ ጥሩ ጥሩው ቦታ ሲደርስ የሰዎቹን ፊት ሲሰልል ራሱን ያዘው።

የኔታ መጽሐፉን ከራሄል ተቀብለው ሽፋኑን አሳዩት። «ይህችን ቃል ማን ጻፋት?»

«እኔ።»

«እውነት ናት?»

«ውሸት ናት የኔታ። ልጆቹ እንዲያነቡ ብዬ ነው።»

«ውስጡስ?»

«እሱም ውሸት ነው።»

«ውሸታም መሆኑን በአፉ የመሰከረ ሰው ምስክርነቱ አይቆጠርም» አሉ የኔታ ወደ ሕዝቡ ዞረው። «ባይዋሽም ዋሽቷል፣ ቢዋሽም ዋሽቷል። መጽሐፉ ራሱ ይናገር። አንብቢ ልጄ።»

ራሄል ወደ ግድያው ገባች። «ጥይቱ በጀርባው ገብቶ በጉሮሮው ወጣ። እሱም ወደ ሰማይ አሻቅቦ እያየ በጀርባው ወደቀ። ውኃው ቀይ ሐር መሰለ። ያን ጊዜ ልጁን ጠርቶ እንዲህ አላት…»

ኑዛዜው ረጅም ነበር። እንየው ሦስት ሳምንት ፈጅቶበታል፤ ከጻፈው ሁሉ የሚመካበትም እሱ ነው፤ ዘጠነኛ «ለ» ክፍል በሙሉ አልቅሶለታል። ራሄል ስትጨርስ ግን ከጽዶቹ ሥር ያለቀሰ አልነበረም። ከኋላ ተርታ አዱኛ የሚባል ሽበታም ሰው እጁን አነሣ፤ በወታደርነት ብዙ ዓመት ቆይቶ የተመለሰ ነው።

«ከኋላው የተመታ ሰው በጀርባው አይወድቅም» አለ። «ጥይት ይገፋዋል፣ በፊቱ ይደፋል። ስንቱን አይቻለሁ።»

«ጉሮሮውንስ ተመትቶ ይህን ሁሉ በምኑ ተናገረው?» አለ ሌላው። «ስንት ነው ልጄ?»

ራሄል ገጾቹን ገልጣ ቆጠረች። «ገጽ ተኩል።»

ሳቅ ተነሣ።

«በታኅሣሥ ውኃው ቁርጭምጭሚት አይሸፍን፤ ከየት መጥቶ ሐር ሆነ?»

«አህያይቱስ? ተኩስ ሰምታ ኑዛዜ እስኪያልቅ ቆማ ትጠብቃለች? የማን አህያ ናት?»

የእንየው ፊት ጋለ። ይህ ኪነት ነው፤ ሟቹ የሚናገረው በሥጋው ሳይሆን በነፍሱ ነው፤ ውኃው የልጅቷ ኅሊና ነው። መልሱ ሁሉ ከንፈሩ ላይ ተሰልፎ ነበር። ከተቀመጠበት ሊነሣም ቃጣው። ራሱን በነጭ ፋሻ የተጠመጠመው ዳኛቸው ግን ከፊት ለፊቱ ነበር፤ እጆቹን በጉልበቶቹ መካከል ጨብጦ፣ ሰዎቹ መጽሐፉን ባናናቁት ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይተነፍስ ነበር።

«መምህር፣ የምትለው አለ?» አሉ የኔታ።

እንየው ተመልሶ ተቀመጠ። «የለኝም» አለ። «መጥፎ ተጽፏል።»

«ከኋላ ያሉት አልሰሙህም።»

«መጥፎ ተጽፏል» ሲል ከፍ አድርጎ ደገመው። በዚያ ደጀ ሰላም ከተማለው መሐላ ሁሉ ይህን የሚያህል ከባድ ቃል ስለመነገሩ ጸሐፊ የሆነ ሁሉ ይጠራጠራል።

ያን ጊዜ አስማረ ተነሣ። ለማንም አልተናገረም፤ መሬት መሬት እያየ ነበር።

«ባዩ በፊቱ ነው የተደፋ» አለ። «ሁለት ጥይት ነው፤ ሁለቱም ወገቡ ላይ። አህያይቱ ብቻዋን ቤት ደረሰች። ጭነቱ ላይ ደም ስናይ ነው የሮጥን። ስንደርስ በሕይወት ነበረ ይሆን ብዬ ገለበጥኩት። አፉ አሸዋ ሞልቶ ነበር። ውኃ ሊጠጣ ይሁን ሊጮህ አላውቅም፣ አሸዋውን ነክሶታል። እኔ ነኝ ያጠብኩት። በጣቴ ባወጣው ባወጣው አላልቅ አለኝ። ከነአሸዋው ነው የቀበርነው።» ቀና ብሎ ወደ እንየው ጠቆመ። «ይህ መምህር ወንድሜን አላየውም። ያየው ሰውም አልነገረው። ያየ ሰው ይህን አይጽፍም።»

ከዚያ ከአጥሩ ሥር ድንጋይ አንሥቶ በጫንቃው ተሸከመና ወደ ዳኛቸው ሄዶ ጎንበስ አለ። ዳኛቸው ለአፍታ አላነሣውም፤ አሥራ አራት ስፌት ነበረበትና። ኋላ ድንጋዩን በእጁ አወረደለት።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አለ። ቀጥሎም ወደ ሕዝቡ ዞሮ፣ «ጆሮዬን ግን በቅሎ ናት የበላችው፤ ይታወቅልኝ» አለ።

ሽማግሌዎቹ በመምህሩ ላይ ሦስት ነገር ወሰኑ። የመጽሐፉን ሽፋን ከየልጁ እጅ ሰብስቦ እንዲቀድድ። ለአንድ ዓመት በብዕሩ ሰው እንዳይገድል። የዕርቁን በግም በገዛ እጁ እንዲያርድ። «ደም በወረቀት የቀለለበት ሰው አንድ ጊዜ በእጁ ይየው» አሉ የኔታ። ሦስተኛው ውሳኔ ሲነገር ከሴቶቹ በኩል ማጉረምረም ተሰማ፤ የመምህሩ ጠባይ በከተማው የታወቀ ነው። ዓለሚቱ ውኃ የሞላ ጆግ ይዛ፣ ሲወድቅ ልትደርስለት፣ ከጎኑ ቆመች።

በጉ ወደ ምሥራቅ ተጋደመ። እንየው የተሰበረ ትከሻውን እንደታሰረ በቀኝ እጁ ቢላዋውን ተቀበለ። በስመ አብ አለ። ሁሉም መውደቁን ይጠብቅ ነበር።

አንድ ጊዜ ሳበው፤ በቃ። ፊቱንም ወደ ጽዶቹ አላዞረም። ተንበርክኮ ወደ ተከፈተው ጉሮሮ ቀረበ፤ ደሙ ፋሻው ላይ ሲረጭ አልሸሸም፤ የኋላ እግሮቹ መራገጣቸውን እስኪያቆሙ ድረስ ዓይኑን ሳይነቅል አየ። የኔታ «ተመስገን፣ ገብቶታል» አሉ በለሆሳስ። ብዙ ሰዎችም በንስሐው ልባቸው ተነካ። ዓለሚቱ ብቻ ጆጉን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠች። ያን አስተያየት ታውቀዋለች፤ ሊጽፍ ሲል የሚያይበት ዓይን ነው።

እንየው ቢላዋውን በበጉ ጸጉር ላይ ጠራረገ፣ ተነሣ፣ አስማረ ወደ ቆመበት ሄደና ከጆሮው ሥር ቀስ ብሎ ተናገረ።

«ጋሽ አስማረ፣ አሸዋው ደቃቅ ነበር ወይስ ሻካራ?»

አስማረ ለረጅም ጊዜ አየው። ቀኝ እጁ ያልነበረውን ዱላ ፈለገ፤ አጣውና ተመለሰ።

«ሻካራ» አለ። «ጠጠር አለበት። ከጥርሱ መካከል በስንጥር ነው ያወጣሁት።»

እንየው ራሱን ነቀነቀ፤ ደም የነካ እጁንም ወደ ራሄል ዘረጋ። ራሄል እስክሪብቶዋን ከጸጉሯ ውስጥ መዝዛ ሰጠችው።